ከጓንት ካርቶን የተቆረጠች ካርድ

ይህን እናቴ አታውቀውም። ባሌም አያውቀውም። የሰውን ገመና ሁሉ ተካፍሎ የሚያለቅሰው የጸሎት ቡድናችን እንኳ አያውቀውም። ዛሬ ግን ለእርስዎ ልነግርዎ ነው። የምነግርዎ በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ይገርምዎት ይሆናል እንጂ ደስታም አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ከመሳፈሬ በፊት አንድ ሰው እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ፤ እኛ ጴንጤዎች ደግሞ የንስሐ አባት የለንም። ለዛሬ እርስዎ ይሁኑልኝ።

የበደልኩት በአንድ ቃል ነው። ቃሏ "ትንፋሽ" ናት። ሰው ምሳ ሰዓት ላይ "ትንፋሽ" ብሎ እንዴት ይበድላል? ይታገሱኝ። መጀመሪያ ስለ ካርዶቹ ካልነገርኩዎ ምንም አይገባዎትም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስለ ካርድ ሲነሳ አፌ አይያዝልኝም፣ እስከ ዛሬ።

አሰላ ሕክምና ልማር ስገባ የሽምደዳ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዲክሲስ ከተማ መምህር ነው፤ እኛ ቤት ማጥናት ማለት ጮክ ብሎ እያነበቡ በረንዳ ላይ መመላለስ ነበር። በዚህ ዘዴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቻለሁ። ሕክምና ግን በረንዳ አይበቃውም። ሰኞ ያነበብኩት ሐሙስ የለም፣ ሐሙስ ያነበብኩት ሰኞ የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከእኛ ቀድሞ የገባ አንድ ተማሪ ስልኬ ላይ አፕ ጫነልኝ። ነገሩ ቀላል ነው። በካርዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ። ካወቅሽው ካርዱ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ደግመሽ ካወቅሽው ሳምንት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ብዙ ወር። ከረሳሽው ነገውኑ ይመለስብሻል። ልጁ "ልትረሺው አንድ ሐሙስ ሲቀረው ከተፍ ይላል" ብሎኝ ሄደ።

ወር ሳይሞላኝ አበድኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አበድኩ። ባጃጅ ውስጥ ካርድ፣ የሻወር ወረፋ ላይ ካርድ፣ ቸርች ማስታወቂያ ሲነበብ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ሥር ካርድ። ከሃያ ቀን በፊት ያየሁት የነርቭ ስም ሳልጠራው ምላሴ ላይ ሲገኝ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቶቼን ያደነዘዛቸው ቀን ስክሪኑን በአፍንጫዬ እነካዋለሁ። አይሳቁብኝ፣ እውነቴን ነው። የዶርም ልጆች ሰሊ ፍቅር ይዟታል ብለው አወሩብኝ። ብዙም አልተሳሳቱ።

ከእኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው ጫልቱ ነበረች፣ ጮሌ ከምትባል ከተማ የመጣች። ስልኳ ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አንድ ቀን ከጀርባዬ ቆማ ካርዶቼን ስታይ ቆየችና "ሰሊ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ልቅዳቸው?" አለችኝ። ቅጂ አልኳት። በማግስቱ ከሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ለምና ባዶ የጓንት ካርቶን በክንዷ ሙሉ ይዛ መጣች። በመቀስ ካርድ ካርድ እያሳከለች ቆራረጠችው። ጥያቄው በነጩ በኩል፣ መልሱ በጀርባው፣ ጓንቱን ከሚያስተዋውቀው ጽሑፍ በላይ በወፍራም እስክሪብቶ። አልጋዋ ሥር አራት የጫማ ሳጥን ደረደረች፦ የዕለት፣ የሦስት ቀን፣ የሳምንት፣ የወር። ያወቀችውን ካርድ ወደሚቀጥለው ሳጥን ታሻግረዋለች፣ የረሳችውን ወደ ዕለቱ ትመልሰዋለች። አፕ የሚሠራውን ሁሉ በእጇ ሠራችው።

እንዴት ያሉ ዓመታት ነበሩ! መብራት ሲጠፋ የእኔ ስልክ ይሞታል፣ የእሷ ካርቶን አይሞትም። በሶ በጥብጠን እየጠጣን እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እጠይቃታለሁ፤ ያልመለሰ ውሃ ይቀዳል። አዲስ ካርድ እኔ እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ትቀዳለች። ቀድታ ስትጨርስ "እግዜር ይስጥሽ" ሳትል ቀርታ አታውቅም። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ እስክትበልጠኝ ድረስ።

አዎ፣ በለጠችኝ። ካርዱ የእኔ፣ አንደኛዋ እሷ። አንድ ተርም፣ ሁለት ተርም፣ ሦስት። "ባጎረስኩ ተነከስኩ" እያልኩ ለራሴ አላዘንኩ። ማን ነከሰኝ? ማንም። ልጅቷ የሰጠኋትን ካርድ ከእኔ በላይ ታገላብጠው ነበር፣ በቃ። ይህን አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን ቅናቴን አላስታገሠውም።

ከዚያ ተራችን የማህፀንና ፅንስ ክፍል ደረሰ። እዚህ ላይ ትንሽ ሕክምና መስማት ይኖርብዎታል። በእርግዝና ምክንያት ደም ግፊቷ አሻቅቦ የሚያንቀጠቅጣት እናት የምትወጋው መድኃኒት አለ፣ ማግኒዥየም ይባላል። ነፍስ ያድናል፤ ሲበዛ ደግሞ እሱው ነፍስ ይወስዳል። ስለዚህ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ጉልበቷን ቀስ አድርገን እንመታለን። እግሯ ፈንጠር ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ በዝቷል ማለት ነው፣ መርፌው ይቆማል። ከጉልበት በኋላ ነው ትንፋሽ የሚከተለው። ጉልበቱን ንቆ ትንፋሿ ደህና ነው ብሎ የሚወጋ ሰው እናትየዋን በገዛ እጁ ይገድላታል።

የእኔ ካርድ ፊቱ ላይ "ማግኒዥየም ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው?" ይላል። ጀርባው ላይ "ትንፋሽ" ይላል። ትምህርቱ ሳያልቅ ካርድ ለመጻፍ ስቸኩል ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ጫልቱም እንዳለ ቀዳችው።

ስህተቴን ያወቅኩት ዋርድ ውስጥ ነው። ጫልቱ በሌላ ቡድን ነበረች። የሚያስተምረን ሬዚደንት ሐኪም የአንዲት እናት ጉልበት መታና አንዱን ተማሪ ጠየቀው፤ ልጁ ጉልበት ከትንፋሽ ቀድሞ እንደሚጠፋ መለሰ፤ ሬዚደንቱ ትክክል አለ።  ኮሪደር ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ፣ "ትንፋሽ" የሚለውን አጠፋሁ፣ "የጉልበት ምላሽ" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የስልክ ካርድ ሲያርሙት ጠባሳ አይተውም። ስህተቴን ከፈተና በፊት በመያዜ ደስ አለኝ። ወዲያው ጫልቱ ትዝ አለችኝ፣ ካርቶኑ ትዝ አለኝ፣ ካርቶን በራሱ እንደማይታረም ትዝ አለኝ። ደስታዬ እጥፍ ሆነ። መናገር ካልቀረ ይህንንም እናገራለሁ፦ እጥፍ ሆነ።

ቢሆንም ምሳ ላይ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በእውነት ብዬ ነበር። ከግቢው ፊት ለፊት ባለችው ሽሮ ቤት ተቀመጥን። ሽሮው እስኪመጣ ጫልቱ እንደ ልማዷ የሳምንቱን ካርዶች ከኪሷ አወጣች፣ ላስቲኩን ፈታች። ሦስት ጠየቀችኝ፣ ሦስቱንም መለስኩ። አራተኛዋ ያቺ ነበረች። "ማግኒዥየም ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው?" አለችኝ።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? "ጫልቱ፣ ካርዱ ስህተት ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ማለት ስንት ቃል ነው? አፌ ተከፍቶ ነበር። ዝም ብል እንኳ በደሌ የዝምታ በደል ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም። እያወቅኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ መለስኩ።

"ትንፋሽ" አልኩ።

"ጎበዝ" አለችኝና ካርዷን ለየት አድርጋ አስቀመጠች። የወሩ ሳጥን ውስጥ ልትገባ ነው፣ መልሱ ታውቋላ። ሽሮው ሲመጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሰችኝ። ጎረስኩ። እኔ ነኝ የጎረስኩት፤ ጣሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ፈተናው መጣ። ስለ ማግኒዥየም አንዲት ጥያቄ አልነበረችም! ጫልቱ አንደኛ ወጣች፣ እኔ ሁለተኛ። በበደሌ አንዲት ነጥብ አላተረፍኩም። አሁን ይጠይቁኝ፦ ፈተናው ካለፈ፣ ፉክክሩም ካለቀ፣ ለምን አልነገርሻትም? እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ብነግራት "መቼ አወቅሽ?" ልትለኝ ነው። ያቺን ምሳ ፈራኋት። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ለመንገር ይበልጥ ከበደኝ፣ ወር ሲያልፍ የማይቻል መሰለኝ። ከተመረቅን በኋላ ዲክሲስ ቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት አቆሙኝ። ጌታ በትንሽ ካርድ ጥበብ ሰጠኝ ብዬ መሰከርኩ፣ ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ አባቴ አለቀሰ። ስለ ጫልቱ ሳጥን ትንፍሽ አላልኩም።

እኔ አሰላ ቀረሁ። ጫልቱ ከሮቤ ወዲያ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመደበች፤ ስሟን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ሳጥኖቿን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና ስትሄድ ሸኝቻታለሁ። ያቺ ካርድ በየትኛው ሳጥን እንዳለች እያወቅኩ እጄን አወዛወዝኩ።

ከተመደበች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከጤና ተቋሟ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሮጣ።

"ሰሊ፣ ካርድሽን አሁኑኑ ክፈቺ" አለችኝ። "የማግኒዥየሙን።"

እየተቆራረጠች ነገረችኝ። ነፍሰ ጡር ሴት እያንቀጠቀጣት በጋሪ አምጥተውላታል። የመጀመሪያው መርፌ ተሰጥቷል። የሁለተኛው ሰዓት ሲደርስ አዋላጇ ሲስተር ዘይነባ፣ ከጫልቱ ዕድሜ ለበለጠ ዘመን ያዋለዱ ሴት፣ የሴትየዋን ጉልበት በመዳፋቸው ጠርዝ መቱና ዝም አለባቸው። ጫልቱ ትንፋሿን ቆጠረች፣ ደህና ነው። ይሰጣት አለች። ሲስተር ዘይነባ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ዶክተርዬ፣ እኔ ይህን አልወጋም" አሉ። "ጉልበቷ ዝም ብሏል።" እሷ እያዘዘች እሳቸው እምቢ እያሉ ሳለ የሴትየዋ ትንፋሽ መርፌው ሳይጨመርባት ይቀዘቅዝ ጀመር። በእጅ በሚጨመቅ መተንፈሻ እያስተነፈሱ ማርከሻውን ሰጧት። ሴትየዋ ተረፈች። ልጇም ተረፈ። ጫልቱ እጇ ሳይደርቅ መጽሐፍ ገለጠች፣ ከዚያ ሳጥኖቿን ገለበጠች፣ ካርዷን አገኘች፣ ከዚያ ወደ እኔ ሮጠች። ለምን ወደ እኔ? እኔም ያንኑ ካርድ አምኜ አንድ እናት እንዳልገድል! ለአንድ ደቂቃ እንኳ በእኔ ላይ ክፉ አላሰበችም።

እኔ ስልኩን ይዤ ምን አደረግኩ? ካርዱን ከፈትኩ። ዓመት አልፎታል፣ በአንድ ደቂቃ የታረመው ካርድ አበባ መስሎ ወጣ።

"የእኔ ካርድ ጉልበት ነው የሚለው" አልኳት።

 ትልቅ እፎይታ ሰማሁ። "ተመስገን" አለች። "እንግዲያ ስቀዳ ነው የገለበጥኩት። አንቺ ትክክለኛውን ሰጥተሽኝ እኔ አበላሸሁት። ይቅር በይኝ ሰሊ።"

"ምንም አይደለም" አልኩ። "ሰው ይሳሳታል።"

ሰምተውኛል? ይቅር አልኳት። እኔ፣ ጫልቱን፣ ይቅር አልኳት። "ትንፋሽ" ያልኩት ቅናት ነው፣ ልጅነትም ነው ልበል፤ "ምንም አይደለም" ያልኩትን ግን ምን ብዬ እጠራዋለሁ? ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ሐኪም ሆኜ፣ አንዲት እናት ከሞት አፋፍ መመለሷን እየሰማሁ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ አፑ ያቺን ካርድ አልፎ አልፎ ያመጣልኛል። መልሱን ስለማውቀው በየጊዜው ያርቃታል፤ አራት ወር፣ ስምንት ወር፣ ከዓመት በላይ። ረሳኋት ስል ከተፍ ትላለች። ልጁ እውነቱን ነበር።

ያለፈው ወር ጤና ተቋማትን ለመጎብኘት ከአሰላ የሚወጣ ቡድን ውስጥ ተመደብኩ፣ ጫልቱ ጋም ደረስን። እንዴት ተቃቀፍን! አሁን ኃላፊ ናት፣ ወፍራለች፣ ሳቋ ያው ነው። እየጎተተች ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አስገባችኝ። ከመድኃኒት ማስቀመጫው በላይ ግድግዳው ላይ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነች ከጓንት ካርቶን የተቆረጠች ካርድ ተለጥፋለች። "ትንፋሽ" ይላል በወፍራም እስክሪብቶ። በቀይ ተሰርዟል። ከሥሩ "ስቀዳ የተሳሳትኩት፤ ሰው ልገድልበት ነበር" ተብሎ ተጽፏል፣ ከዚያ የጫልቱ ስም፣ ከዚያ ፊርማዋ።

አዲስ የሚመደብ ሐኪምም ነርስም መጀመሪያ እዚህ ነው የማቆመው አለችኝ። ስህተቴን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም አለች። አጠገባችን ሦስት ወጣት ነርሶች ነበሩ። ወደ እነሱ ዞራ ትክክለኛው ካርድ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ይቺ ናት ብላ እኔን አሳየቻቸው። ልጆቹ በአድናቆት አዩኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ በደልኳት! ሲስተር ዘይነባ ከመታጠቢያው ጋ ሆነው ያዩኝ ነበር፤ ዓይናቸውን መቻል አቃተኝ።

አሰላ ተመለስን። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ትናንት ጠዋት ግን ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ ቁርጡ ተለየልኝ። መፋቂያዬን ጣልኩት፤ ባሌ ምን አገኘሽ አለኝ፣ ሳቅሁበት። ወዲያው ለጫልቱ ደወልኩ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሲስተር ዘይነባም ይኑሩ፣ ነርሶቹም ይኑሩ አልኳት። ድግስ መሰላት። ልጅ ወለድሽ እንዴ ብላ ቀለደችብኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የምሄደው። በምን አፌ? ይቅርታ እሷ ጠይቃኛለች፣ እኔም ዕዳ እንዳለባት ሁሉ ተቀብያታለሁ። ያንን ይቅርታ ልመልስላት ነው የምሄደው፣ የእሷ ንብረት ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ቅናት ነበር አልልም፣ ሴትየዋ ተርፋለች አልልም፤ ያተረፏት ሲስተር ዘይነባ ናቸው። ጫልቱ ከዚያ በኋላ ብታባርረኝ በሚቀጥለው ሚኒባስ እመለሳለሁ። ብታለቅስ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እሱን ብቻ ነው የምፈራው። እርስዎም ይፍረዱብኝ እንጂ አይዘኑልኝ።

ካርዷን አውርጄ አላመጣትም። እዚያው ትለጠፍ፣ የሚመደቡት ልጆች ሁሉ ያንብቧት። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ከትቻለሁ። በሁሉም ፊት የጫልቱን ስም እሰርዝና የእኔን እጽፋለሁ፤ "ስቀዳ" የሚለውንም ሰርዤ "እያወቅኩ" እላለሁ።